ዋን ዩአይ 7 በጋላክሲ ኤ15 ላይ፦ ድሬ ላይ መቼና እንዴት ይጫን?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስልክ ሲገዛ የሚጠየቀው ካሜራው ነው፣ ቀጥሎ ባትሪው፣ ከዚያ "ስንት ጊጋ ነው?" የሚለው። አፕዴት እስከ መቼ እንደሚመጣለት የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። ጋላክሲ ኤ15ን ከብዙ የዋጋ እኩዮቹ የሚለየው ግን እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2023 መገባደጃ አንድሮይድ 14 ይዞ ሲወጣ ሳምሰንግ አራት የአንድሮይድ ትውልድና የ5 ዓመት የደህንነት አፕዴት ቃል ገብቶለታል። ዋን ዩአይ 7፣ ማለትም ሳምሰንግ በራሱ መልክ ያዘጋጀው አንድሮይድ 15፣ ከአራቱ የመጀመሪያው ነው። ራሙ 6 ወይም 8 ጊጋ ከሆነ ሳታቅማሙ ጫኑት። 4 ጊጋ ከሆነም ይጫን፣ ግን ከታች ያለውን አንብባችሁ። "አፕዴት ገደለው" ተብሎ ጠጋኝ ዘንድ የሚሄድ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው በሶፍትዌሩ ሳይሆን በተጫነበት ሰዓትና ሁኔታ ነው።

በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያናድደው መጋረጃው ነው። ድሮ ከላይ ወደ ታች አንዴ ሲሳብ መልእክቱም ዋይፋዩም የእጅ ባትሪውም አብረው ይወርዱ ነበር። አሁን ለሁለት ተከፍሏል። ከግራ ወይም ከመሃል ሲሳብ መልእክት ብቻ፣ ከቀኝ ጥግ ሲሳብ ቁልፎቹ ብቻ ይመጣሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ አውራ ጣት እንደ ልማዱ መሃሉን ይስባል፤ የቴሌግራም መልእክት ይደረደራል፣ የእጅ ባትሪው የለም። መመለስ ይቻላል፦ ከቀኝ ጥግ ሳቡ፣ የእርሳሷን ምልክት ንኩ፣ "ፓነል ሴቲንግስ" ግቡና "ቱጌዘር" የሚለውን ምረጡ። የቀረው የአይኮን ቅርጽና የባትሪ ምልክት ለውጥ በሁለት ቀን ይለመዳል።

4 ጊጋው ላይ ያለው ችግር ግን የልማድ አይደለም። አዲሱ ሲስተም ራሱ ከቀድሞው የበለጠ ራም ስለሚይዝ ከጀርባ ያሉ አፖችን ቶሎ ይዘጋል። በደንብ የሚታወቀው ገንዘብ ሲላክ ነው። የባንክ አፕ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል፤ ኮዱን ለማየት ወደ መልእክት ትሄዳላችሁ፤ ስትመለሱ አፑ ከመጀመሪያው ይነሳና ፒን እንደገና ይጠይቃል፣ ኮዱም አይሠራም። ኮዱን ሳትወጡ ከላይ ከሚወርደው ማሳወቂያ ላይ አንብቡት። ከዚህ ሌላ የሚረዱ ሦስት ነገሮች አሉ። ሴቲንግ ውስጥ "አክሰሲቢሊቲ"፣ "ቪዥን ኢንሃንስመንትስ" ገብታችሁ "ሪዱስ አኒሜሽንስ" አብሩ፤ ኪቦርዱ ዘግይቶ መምጣቱ ይቀንሳል። "ዲቫይስ ኬር"፣ "ሜሞሪ" ውስጥ ያለው ራም ፕላስ ከማስቀመጫው ላይ ቆርሶ ለራም የሚያበድር ስለሆነ ማስቀመጫው ጢም ያለ ስልክ ላይ ያንቀራፍፋል እንጂ አያፈጥንም፤ 15 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ከሌላችሁ ዝቅ አድርጉት። ቦታውን የበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። እዚያው አፑ ውስጥ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ"፣ "ስቶሬጅ ዩሴጅ" ግቡና ካሹን (አፑ ያከማቸውን ጊዜያዊ ፋይል) አጽዱ፤ ፋይል የሚያቆይበትን ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት አውርዱት። የወረደው ቪዲዮ ከስልኩ ቢጠፋም ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ እንደገና ይወርዳል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ሐረር ላይ ያላችሁ ይህን ብትዘሉት አትጎዱም፤ ለድሬ ግን ዋናው ይኸው ነው። ሳምሰንግ ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ድሬ ከዚያ እንደምታልፍ የማያውቅ የለም። አፕዴት ሲጫን ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፤ ካለቀ በኋላም አፖቹን ለአዲሱ ሲስተም እንደገና ያዘጋጃል፣ የጋለሪውን ፎቶ አንድ በአንድ ያገላብጣል። ቻርጅ ላይ ከተሰካ የባትሪው ሙቀት ይጨመርበታል፣ በላዩ የቀን 8 ሰዓት አየር። ስልኩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቻርጅ መቀበሉን ያዘገያል ወይም ያቆማል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ "ስክሪኑን አበላሸው" ይላል። የባጃጅ መስታወት ላይ ፀሐይ ፊት የተሰቀለ ስልክ ያለ ምንም አፕዴት እንደሚደበዝዝ ይረሳል።

ስለዚህ ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ካልሆነም ማታ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ጫኑ። ባትሪውን አስቀድማችሁ ከ60 በመቶ በላይ አድርሱና ንቀሉት። ሽፋኑን አውልቁ። ፍራሽና ትራስ ሙቀት ያፍናሉ፤ ባዶ ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ ፋን ካለ ወደሱ አዙሩት። ፍሪጅ ውስጥ ግን በፍጹም! ከፍሪጅ ሲወጣ የድሬ አየር ውስጡ ላይ ጤዛ ይሠራል። ኤ15 እየተጠቀማችሁበት ከጀርባ የሚጫን ዓይነት አይደለም፤ ሪስታርት አድርጎ በሚጭንበት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ድረስ ሊሆን ይችላል፣ ስልክ አይቀበልም። ፐርሰንቱ አንድ ቁጥር ላይ ደቂቃዎች ቢቆም እንኳ ቁልፍ አትጫኑ። በዚህ መሃል መብራት ቢሄድ ችግር የለም፤ የሚሠራው በራሱ ባትሪ ነው።

ዳታ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፣ ሆትስፖት። ከጓደኛ ስልክ የምትቀበሉት ኢንተርኔት ለስልካችሁ ያው ዋይፋይ ነው። "በዋይፋይ ብቻ አውርድ" የሚለው ምርጫ አያድናችሁም፤ ፋይሉ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ የሰውየውን ጥቅል ሙልጭ አድርጎ ይጨርስበታል፣ አቦ። ከሆትስፖቱ ስም አጠገብ ያለውን ባለ ጥርስ ክብ የሴቲንግ ምልክት ንኩ፣ "ቪው ሞር" ውስጥ "ሚተርድ ኔትወርክ"ን "ትሪት አዝ ሚተርድ" አድርጉ። ከዚያ ስልኩ ይህ መስመር በሒሳብ እንደሆነ ያውቃል። ማውረድ ከመጀመራችሁ በፊት የፋይሉ መጠን ስክሪኑ ላይ ስለሚጻፍ የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ያንን አይታችሁ ግዙ።

"ስኬጁል ኢንስቶል" ብላችሁ ለሌሊት ከቀጠራችሁት ግን አንድ ነገር እወቁ። ስልኩ ተጭኖ ሲነሳ ፒን ወይም ፓተርን እስኪገባለት ድረስ ፋይሎቹ እንደተቆለፉ ናቸው። ቴሌግራም አይጮህም፣ የሚደውል ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ይመጣል፣ ሲሙ ፒን ካለው ጭራሽ መስመር የለም። የስልኩ የራሱ አላርም ይጮሃል። ከፕሌይ ስቶር የወረደ የአዛን አፕ ግን ብዙውን ጊዜ የሱብሂን ሰዓት በዝምታ ያሳልፋል። የአዛን አፑን ከአፕዴቱ በኋላ አጥፍታችሁ እንደገና ከጫናችሁት ሌላም አለ፦ ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ አብዛኛው አዲስ የተጫነ አፕ በትክክለኛ ደቂቃ የመጮህ ፈቃድ በራሱ አይሰጠውም። ሴቲንግ፣ "አፕስ"፣ ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች "ስፔሻል አክሰስ"፣ "አላርምስ ኤንድ ሪማይንደርስ" ውስጥ ገብታችሁ አብሩለት። "ባትሪ" ውስጥ ደግሞ ከሚያንቀላፉ አፖች ዝርዝር አውጡትና በፍጹም ከማይተኙት ውስጥ ክተቱት። አዛን አሥር ደቂቃ ዘግይቶ መጣ የሚባለው በዚህ ነው፤ አፑ አልተበላሸም።

ባትሪው ሁለት ሦስት ቀን ቶሎ ቢያልቅ አትደናገጡ፣ ያ ከላይ ያልነው አፖቹን የማዘጋጀቱና ፎቶውን የማገላበጡ ሥራ ነው። ፕሌይ ስቶርና ጋላክሲ ስቶር ገብታችሁ አፖቹንም አፕዴት አድርጉ። ሳምንት አልፎትም ካልተሻለው ካሽ ፓርቲሽን፣ ማለትም የሲስተሙ ጊዜያዊ ፋይል የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ማጽዳት ነው። ስልኩን አጥፉ፣ ከኮምፒውተር ጋር በኬብል አገናኙት፣ ድምፅ መጨመሪያውንና የማብሪያውን ቁልፍ አብራችሁ ያዙ። በሚመጣው ዝርዝር በድምፅ ቁልፍ እየወረዳችሁ "ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን" ላይ በማብሪያው ቁልፍ እሺ በሉ። አጠገቡ "ዋይፕ ዳታ፣ ፋክተሪ ሪሴት" የሚል አለ፤ ጣት ስቶ እሱን ከመረጠ ፎቶው ሁሉ ይሄዳል። ከማጽዳታችሁ በፊት መስመሩን ሁለቴ አንብቡ።

ወደ ድሮው ሲስተም እንመልስልህ የሚል ፍላሽ ቤት ቢገጥማችሁ አንድ ቁጥር ጠይቁት። በመደወያው *#1234# ስትጽፉ ኤፒ በሚለው መስመር ላይ ረጅም የሶፍትዌር ቁጥር ይመጣል። ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ ባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ማብቂያ ያለችው ነጠላ አኃዝ የቡትሎደሩ፣ ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ደረጃ ናት። ሊጫን የታሰበው ፋይል አኃዙ ከስልኩ ካነሰ በኦዲን (ጠጋኞች ከኮምፒውተር የሳምሰንግ ሲስተም በሚጭኑበት ፕሮግራም) አይገባም፣ ስልኩ ራሱ ይከለክላል። እኩል ከሆነ ሊገባ ይችላል፤ ግን ወደ ኋላ የሚመለስ አንድሮይድ ብዙውን ጊዜ ዳታው ካልጠፋ አይነሳም። የተበላሸ ሲስተም በዚያው ቨርዥን ለማስጠገን ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ኦዲን ላይ የሚመርጠው ፋይል "ሲኤስሲ" ነው ወይስ "ሆም ሲኤስሲ"? የመጀመሪያው ሁሉን ይደመስሳል፣ ሁለተኛው ዳታውን ይተዋል። ልዩነቱን መመለስ ካልቻለ ስልኩን ተቀብላችሁ ውጡ። ኦዲን በኬብል ስለሚሠራ መብራት የሚቆራረጥበት ቀንም አይመረጥም፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ስልኩ የስህተት ጽሑፍ ይዞ ይቆማል፣ እንደገና ፍላሽ እስኪደረግም አይነሳም።