ጅማ ላይ አዲስ ላፕቶፕ ፎርማት ያስደረግኩበት ቤት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለች ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ናት፤ ስሟን ልተወው። አዲስ ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ማከማቻው 512 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 11 ሆም ተጭኖበት የመጣ፣ ሁሉም ነገር ሲ (C) ድራይቭ ላይ ብቻ። ዊንዶውስ 476 ብሎ የሚያሳየው ተሰርቆ አይደለም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። የፈለግኩት ለሁለት እንዲከፈልልኝ ብቻ ነበር።

ልጁ ፈጣን ነው፣ ጨዋም ነው። ያዘዝኩት ቡና ሳይመጣ ፍላሹን ሰክቶ ያሉትን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍሎች) አንድ በአንድ ዲሊት አደረገና ዊንዶውስ 11 ፕሮ በክራክ፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ፣ ጫነልኝ። ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚጠገንበት የሪከቨሪው ክፍልም አብሮ ሄደ! ቤት ስገባ ድምፅ የለም፣ የጣት አሻራው አይሰራም። ኧረ እኔ እኮ ለኦሪጅናሉ ከፍያለሁ!

ቅዳሜ ተመለስኩ። አልተከራከረም፣ ሳያስከፍል ሆሙን መልሶ ጫነ። የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍ ማዘርቦርዱ ላይ ስላለ ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ አክቲቬት ሆነ። ድምፁንና ሌላውን ዕቃ የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች፣ ድራይቨሮቹን፣ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አወረድን፣ ድምፁም መጣ።

ለመከፋፈል ብቻ ከሆነ ፎርማት ምን ያደርጋል? ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ሲን ማሳነስ ይበቃል። ስክሪን ለማስቀየር ግን እዚያው እሄዳለሁ፣ እጁ ጥሩ ነው።