«በረዶ የለበሰ ሐይቅ» ተብሎ ስለሚሸጠው የሐረማያ ጉዞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

በድሬዳዋና በሐረር ለምትኖሩ ወገኖች፦

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የብርድ ወራት «በረዶ በለበሰው የሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ የማለዳ የእግር ጉዞ» እየተባለ ከድሬዳዋ የሚሸጥ የአንድ ቀን ጉዞ አለ። ከቤተሰቤ ጋር ሄጄ ያገኘሁት ከተነገረን ጋር የማይገናኝ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

በማስታወቂያው ላይ የወጣው ፎቶግራፍ የሐረማያ አይደለም። የሐይቁ ዳር በወፍራም በረዶ ተጋግሮ፣ ከበስተጀርባውም ነጭ ተራራ ቆሞ ይታያል። የሐረማያ ውኃ ግን በረዶ ሆኖ አይረጋም፤ ሐይቁ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢገኝና ሌሊቱ ቢበርድም፣ የቀኑ ፀሐይ ውኃውን መልሶ ያሞቀዋል። የሐይቅ ፊት እንዲረጋ ከሥር ያለው ውኃ ጭምር አስቀድሞ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህ ደግሞ በአገራችን የማይታይ የረጅም ጊዜ ቅዝቃዜ ይጠይቃል። በሐረማያ ያለው ውርጭ ነው። ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየርም ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ፣ ማለትም ወደ ሐይቁ ዙሪያ ይወርድና ሣሩን አንጥቶት ያድራል። ለሚያየው ውብ ነው፤ ድንችና ጫት ለተከለው ገበሬ ግን ጉዳት ነው፤ ጉዞውን የሚሸጡት ሰዎች ስለዚህ አንድ ቃል አለማንሳታቸው አሳዝኖኛል።

ውርጭ ፀሐይ ከነካው ብዙ ሳይቆይ ስለሚጠፋ፣ የዚህ ጉዞ ዋጋ በሙሉ ያለው በመነሻው ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን ተብለን ሳለ መኪናው የመጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ነበር። የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ አዴሌን አልፈን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ፣ ሣሩም እርጥበቱን ጨርሶ ነበር። ከክፍያው ጋር ይሰጣችኋል የተባለው ካፖርት ለብቻው ይከራያል ተባለ፤ መንገድ መሪ የተባለውም ሰው አልመጣም፤ ሹፌሩ አውርዶን መኪናው ውስጥ ተኛ።

የመሪው አለመኖር ከገንዘቡ በላይ ያሳስበኛል። ሐረማያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ የደረቀ፣ ኋላም ውኃ የተመለሰበት ሐይቅ ነው። ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ በብዛት መቀዳቱና ከኮረብቶቹ ታጥቦ የሚወርደው ደለል አድክመውታል። ዳርቻው ከዓመት ዓመት ስለሚሸሽና ስለሚመለስ ተቆርጦ የሚታወቅ የእግር መንገድ የለም፤ ውኃው የሸሸበት መሬት ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ቢታይም ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናት እስከ ጉልበታቸው ሰምጠው፣ ያወጧቸው በአቅራቢያው ከብት ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ናቸው። ልጆችንና አረጋውያንን ይዞ ያለ አካባቢው ሰው በዚያ ዳርቻ መሄድ አይገባም።

ውርጩን ማየት የምትፈልጉ ቤተሰቦች ከዋዜማው ወጥታችሁ በሐረማያ ከተማ ወይም በሐረር ብታድሩና ጎሕ ሲቀድ ከሐይቁ ዳር ብትገኙ፣ የአካባቢውንም ሰው ተስማምታችሁ ብትይዙ ይሻላል። የድሬዳዋ ልብስ በዚያ ሰዓት አይበቃም፤ ወፍራም ጋቢና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል።

ከአስጎብኚ ጋር ለመሄድ የምትወስኑ ደግሞ የመነሻው ሰዓትና በክፍያው ውስጥ የተካተተው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ አትክፈሉ። እኛ ገንዘቡን በቴሌብር የላክነው በግለሰብ ስም ሲሆን፣ ደረሰኝ ስንጠይቅ «በኋላ ይሰጣችኋል» ተብለን እስከ ዛሬ አልተሰጠንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ የከፈላችሁ ሰዎች ማስታወቂያው ከመነሳቱ በፊት ምስሉን በስልካችሁ ቀድታችሁ አስቀምጡ፣ የቴሌብሩንም መልእክት አታጥፉ፤ ሁለቱንም ይዛችሁ ለንግድ ቢሮ በጽሑፍ አመልክቱ። እኔም አመልክቻለሁ፤ ብዙ ሆነን ስንቀርብ ጉዳዩ የአንድ ሰው ቅሬታ ተደርጎ አይታለፍም።