የግቢ ዘማሪ ወፎችን በግጥም ወይስ በካሜራ?

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ግቢው ቢጠብም፣ ቁጥቋጦና አበባ ካለው ወፍ አያጣም።

ወጪ፦ ለግጥም ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ለፎቶ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ቢያንስ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ይፈለጋል፤ በስልክ ድንቢጥ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

ብርሃን፦ ካሜራ የሚፈተነው እዚህ ነው። ተካዜ የሚባለው አበባ ቀሳሚ ወፍ ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ሐምራዊ ነጸብራቁ የሚወጣው ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) በ1/1000 ሰከንድ አድርገው ያንሱ፤ ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይረፍ። በክረምት ዳመና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ወደ 1600 ከፍ ያድርጉ፤ ሹተሩን ካዘገዩ ክንፉ ይደበዝዛል።

ድምፅ፦ ፎቶ ዜማ አይዝም። ጎህ ሲቀድ የሌሎች ወፎችን ዜማ እየቀዳ ለሚዘምረው ሩፔል ሮቢን ቻት ለተባለው ወፍ ግጥም ይሻላል። አጫጭር ሐረግ ስለሚደጋግም፣ ስንኙ በ6 በ6 ቀለም (የፊደል ድምፅ) ከሚሄደው የወል ቤት ይልቅ 5 በ5 የሚሄደው ሰንጎ መገን የተባለው የግጥም ምጣኔ ይስማማዋል። መጀመሪያ የሰሙትን ድምፅ እንዳለ በፊደል ያስፍሩ፤ ቤት መምታቱ ይደርሳል። ለቤት መምቻ ሲባል ያልታየ ወፍ ማስገባት ግጥሙን ይገድለዋል።

አደጋ፦ ጎጆ አጠገብ በካሜራ መቆም እናትየዋን ያሸሻል፣ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል። በፍጹም አያድርጉት።

ጠዋት ጊዜ ያለውና ላባ የሚማርከው ካሜራ ይያዝ። ወፉ በቅጠል ተከልሎ ድምፁ ብቻ የሚሰማው ግን ግጥሙን ይጻፍ።