ራስፕበሪ ፓይ ወይስ ኦሬንጅ ፓይ? መብራት ለሚሄድበት ቤት የምትሆነው የቷ ናት?

አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ውስጥ፣ ከራውተሩ ጎን፣ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ስርዓተ ክወና ሌት ተቀን ትሠራለች። ራስፕበሪ ፓይና ኦሬንጅ ፓይ የሚባሉት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። የቤተሰቡን ፎቶ ትይዛለች፣ ማስታወቂያ ታግዳለች፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ኪዊክስ በሚባል ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ፕሮግራም ውክፔዲያን ታስነብበናለች። "የትኛዋን ልግዛ?" ለሚለኝ ሁሉ ከፍጥነት በፊት የማነሳው መብራትን ነው። የመጀመሪያዋ ሚሞሪ ካርዴ ፋይል እየተጻፈባት ሳለ መብራት ድርግም አለና የስንት ወር ፎቶ ይዛ ቀረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለጀማሪ የምመርጠው በ2019 የወጣውን ራስፕበሪ ፓይ 4 ነው፤ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃል። 5 ቮልት 3 አምፒር ይበቃዋል፣ ይህን የሚሰጥ ጥሩ ፓወር ባንክም ያስነሳዋል። ከሚሞሪ ካርድ ይልቅ በዩኤስቢ ከተሰካ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ቢነሳ ይሻላል። በካርድ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ራስፒ-ኮንፊግ በሚባለው የፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ኦቨርሌይ የሚለውን አብሩት፤ ካርዱ ላይ ምንም ስለማይጻፍ መብራት ቢሄድም አይበላሽም። ፎቶው ግን ሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት። አንድ ጉድለት አለው፤ የራሱ ሰዓት የለውም። መብራት መጥቶ ኢንተርኔት እስኪመለስ ድረስ ሰዓቱ የተሳሳተ ይሆናል።

በ2023 የወጣው ፓይ 5 ሰዓት አለው፣ ባትሪው ለብቻው ይገዛል እንጂ። ኮርቴክስ-ኤ76 የተባሉት የፕሮሰሰሩ ኮሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ ከፓይ 4 በጣም ይፈጥናል። ችግሩ ቻርጀሩ ነው። የሚፈልገው 5 ቮልት 5 አምፒር ነው። "67 ዋት" የተጻፈበት የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ የስልክ ቻርጀር ዋቱን የሚያወጣው ቮልቱን ከፍ አድርጎ ነው፣ በ5 ቮልት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 አምፒር አያልፍም። ያን ጊዜ ፓይ 5 ለዩኤስቢዎቹ በድምሩ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ይለቃል፤ የሰካችሁት ዲስክ እየተነሳ ይወድቃል። ዋናውን ባለ 27 ዋት ቻርጀር አብራችሁ ካላገኛችሁ ፓይ 5ን አልመክርም።

ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ 3 በዋጋ ትረክሳለች፤ ጊጋቢት ኔትወርክም ዋይፋይም አላት፣ እስከ 4 ጊጋባይት ራም ትገኛለች። ግን ስትበላሽባችሁ መልስ የምታገኙበት ሰው ጥቂት ነው። ሊኑክስ ለለመደ፣ አርምቢያን የሚባለውን ለእንዲህ ያሉ ቦርዶች የተዘጋጀ ሊኑክስ ጭኖ መታገል ለሚወድ ትሁን።

ራስፕበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው 512 ሜጋባይት ራም ብቻ ስላላት ማስታወቂያ ለማገድ እንጂ ለፎቶ ማከማቻ አትሆንም። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም የላትም። ሆኖም ለራውተር የገዛነው ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ያለ 2 አምፒር የዩኤስቢ ቀዳዳ በቂዋ ነው፤ ለፓይ 4 ከነዲስኩ ግን አይበቃም።

የመብራት ክፍያ አያስፈራም። 5 ዋት የምትበላ ቦርድ በወር 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ትቆጥራለች፤ 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ 43 ያህል ይቆጥራል።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ለንደን ያለ ከሆነ፣ ቻርጀሩን ሲገዛ ባለ ሁለት ክብ እግሩን እንዲመርጥ አደራ በሉት፤ የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር እኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም።