ውኃ ለሚቋጥር የልጅ ገላ የሄድንበት የቆዳ ክሊኒክ

የ4 ዓመት ልጄ በአፏ ዙሪያ፣ ከእምብርቷ በታችና በጭኖቿ መካከል ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣባት እናቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹላት፤ ሁለት ጤና ተቋማት ደግሞ ተላላፊ የባክቴሪያ ቁስል ነው በማለት ሽሮፕና ቅባት ሰጡን። ሕመሙ ስላልተሻላት በሦስተኛው ወር አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል የቆዳ ክሊኒክ ወሰድናት።

ዶክተሯ ልብሷን አስወልቀው መላ ገላዋን፣ የአፏን ውስጥና ዓይኖቿን ሳይቀር አዩ። ትኩረታቸውን የሳበው በደረቀው ቅርፊት ዙሪያ አዳዲስ ውኃ ቋጣሪዎች እንደ ዶቃ መደርደራቸው ነበር። ሊኒየር አይጂኤ የተባለውን፣ እምብዛም የማይታይ ሕመም እንደጠረጠሩ ነገሩን፤ ይህም የሰውነት መከላከያ የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚያያይዙ ፕሮቲኖችን ሲያጠቃ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ለማረጋገጥ ሁለት ናሙና ወሰዱ፤ ከቁስሉ የተወሰደው ፎርማሊን በተባለ ማቆያ ኬሚካል ውስጥ ሲገባ፣ ከቁስሉ አጠገብ ካለው ጤነኛ መሳይ ቆዳ የተወሰደው ግን ፎርማሊን የአንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚያመርተው ፕሮቲን) ምርመራውን ስለሚያበላሽ በልዩ ፈሳሽ ተቀመጠ።

የታዘዘላት ዳፕሶን ነው። ለሥጋ ደዌ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን አስቀድመው ባያስረዱን ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፋርማሲው በር እንመለስ ነበር። ጂ-ሲክስ-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ቀይ የደም ሕዋሳቸው በዚህ መድኃኒት ሊፈርስ ስለሚችል፣ ያ ሳይመረመር አንድም ክኒን አልተሰጣትም፤ በመጀመሪያው ወር ደሟ በየሳምንቱ ታየ። ሕመሙ ዓይን ላይ ጠባሳ ሊተው ስለሚችልም ወደ ዓይን ሐኪም ላኩን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ቁስል መውጣቱ ቆመ። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ እንደሚጠፋ ስለተነገረን መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነስን እንከታተላለን።

በሕክምናው ረክቻለሁ፤ በአስተዳደሩ ግን አይደለም። ወደ ውጭ አገር የተላከው ናሙና ውጤት 5 ሳምንት ፈጀ፤ ዋጋውም የተነገረን ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ነው። ለ3 ሰዓት የተቀጠረ ሰው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። ከሁሉም የከፋው በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ አለመኖሩ ነው፤ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ካተኮሳት ወይም ሽፍታ ከወጣባት ወዲያውኑ እንድናመጣት የተነገረን በቃል ብቻ በመሆኑ፣ ማቀዝቀዣችን በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት እኔው በእጄ የጻፍኩት ነው።