ለፊልም ትምህርት ቤት ማመልከቻ፦ ልብ ወለድ ይሻላል ዘጋቢ ፊልም?

ከድሬዳዋ ሆኖ አሜሪካ ፊልም ለመማር የሚያመለክት ተማሪ ከውጤቱና ከእንግሊዝኛ ፈተናው ሌላ የሥራ ናሙና ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሲኒማ ትምህርት ቤትም ሆነ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቲሽ ጽሑፍና የፈጠራ ሥራ ማየት ይፈልጋሉ። ታዲያ ምን ይቀረጽ?

ልብ ወለዱ ያጓጓል፤ ታሪክ መገንባት መቻልህንም በግልጽ ያሳያል። ግን ተዋናይ ይፈልጋል። ጎበዙ ጓደኛህ ካሜራ ፊት ሲቆም ይደርቃል፣ ንግግሩም የትምህርት ቤት ድራማ ይሆናል። ንግግር አልባ ካደረግከው ግማሹ ችግር ይቀልልሃል።

ዘጋቢውን በስልክም ልትሠራው ትችላለህ። ድሬ ደግሞ ባለታሪክ አታጣም፤ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 የገባባት ከተማ ናት። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ አለ፤ ቀፊራ ገበያ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያፈራረቀች የምትሸጥ ሴት አለች። አንዱን ሰው ምረጥ፣ አስፈቅድ፣ ደጋግመህ ሂድ። ዋናው ጠላት ድምፅ ነው፤ ባጃጅ ንግግሩን ይውጠዋል። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ተዋስ፣ በማለዳ ቅረጽ፣ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍም ጨምር። የከዚራ ሰፈርን ዛፎች እያሳዩ ሙዚቃ መደረብ ግን፣ አቦ፣ ማስታወቂያ ነው!

እኔ ዘጋቢውን እመርጣለሁ፤ ያለቀ ስክሪፕትና የሚታመን ተዋናይ በእጁ ያለው ብቻ ወደ ልብ ወለዱ ይሂድ። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘጋ፣ ቀረጻው በክረምቱ ዕረፍት ቢያልቅ ለኤዲቲንግ ጊዜ ይተርፋል።