ቶኪዮ ሱሺ ቤት ሳትቀመጡ በፊት ዋጋ ጠይቁ

ቶኪዮ የምትሄዱ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ሱሺ ቤት እንዳትገቡ። እኔና ባለቤቴ ለአንድ ምሳ 40,040 የን ከፍለን ወጣን። በዚያ ሰሞን ምንዛሪ ከ260 ዶላር በላይ ነው። ለዚያውም በደንብ አልጠገብንም።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ብጽፈውም ብዙ አይጠቅማችሁም፣ ተመሳሳዩ ሌላ ቦታም ሊገጥማችሁ ይችላል። ሰፈሩ አሳኩሳ ነው፤ ያ ግዙፍ ቀይ ፋኖስ ከተንጠለጠለበት የሰንሶጂ ቤተ መቅደስ በር ትንሽ ገባ ብሎ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ። ስምንት ወንበር ብቻ ያላት ቤት ናት። አባትየው ሱሺውን ይሠራሉ፣ ልጃቸው ዓሣ ይቆርጣል፣ እናትየው እንግዳ ይቀበላሉ፣ ሂሳብም እሳቸው ጋ ነው። "የቤተሰብ ቤት ናት፣ እነዚህማ ሰው አይጎዱም" አልኩ። ከበሩ ውጪ በጃፓንኛ የተጻፈ ትንሽ ሰሌዳ ነበር። ቆንጆ ነው ብዬ ፎቶ አነሳሁትና ገባን።

እናትየው ጎንበስ ብለው ትኩስ እርጥብ ፎጣ ሰጡን። ቀጥሎ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት መጣ። ያለው አንድ ምግብ ብቻ ነው፦ ኦማካሴ። በእኛ አነጋገር "እርስዎ እንዳዩት" እንደ ማለት ነው፤ ምርጫውን ለባለሙያው ትተዋላችሁ። ዋጋው ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ "የዕለቱ የገበያ ዋጋ" ይላል። በጃፓንኛ "ጂካ" ይሉታል። ይህን ቃል ስትሰሙ ኪሳችሁን ያዙ።

ባለቤቴ "ስንት እንደሆነ ጠይቃቸው" አለችኝ። እኔ ደግሞ "ተይ እንጂ፣ ነውር ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አልኳት። ይሉኝታ! አዲስ አበባ ልኳንዳ ቤት ኪሎው ስንት ነው ሳልል ተቀምጬ አላውቅም። ሥጋው ሲመዘን እንኳ ሚዛኑን አያለሁ። ጥሬ ዓሣ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ።

ምግቡን አልዋሽም፣ ግሩም ነበር። ሽማግሌው ከሩዙ ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን ያደርጉታል። ዓሣውን ደርበው፣ በትንሽ ብሩሽ ሶይ ሶስ ቀብተው አንድ አንድ እያደረጉ ፊታችን ያስቀምጡታል። ዋሳቢው (አፍንጫ የሚሰነጥቀው አረንጓዴ ማባያ) ራሱ ከሥሩ እዚያው የተፈገፈገ ነበር፤ ብዙ ቦታ የሚቀርበው አረንጓዴ ነገር ሌላ ሥር ቀለም ተቀብቶ ነው። እያደነቅን በላን። ከእያንዳንዱ ጉርሻ በስተጀርባ ቆጣሪ እየዞረ መሆኑን ማን ልብ አለ?

ገና ስንቀመጥ ደግሞ ሳናዝዝ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህን መጥተው ነበር፣ የተቀቀለ ቅጠል ነገር። የቤቱ ግብዣ መስሎን አመሰገንን። "ኦቶሺ" ይባላል፣ እንደ መቀመጫ ክፍያ ነው። መሀል ላይ ልጁ ከእንጨት ሳጥን ቢጫ ነገር አሳይቶ "ኡኒ?" አለን። ከባሕር ጃርት የሚወጣው ነው። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ባለቤቴም ነቀነቀች። አንዱ ንቅነቃ 1,500 የን ነበር።

ሂሳቡ ሲመጣ ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፏል። ካርድ አይቀበሉም። ባለቤቴን መያዣ ትቼ ኤቲኤም ፍለጋ ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ድረስ ሮጥኩ። ስመለስ በስልክ አስተርጓሚ "ዝርዝሩን" አልኳቸው። ሱሺ ለሁለት 30,000፣ ኡኒ 3,000፣ ሁለት ቢራ 1,800፣ ኦቶሺ 1,600፣ ከዚያ 10 በመቶ ግብር። ድምሩ ልክ ነው፣ አንድ የን አላጭበረበሩም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ለሸማች ዋጋ የሚያሳይ ነጋዴ ግብሩን ጨምሮ ጠቅላላውን እንዲያሳይ ይገደዳል። ዋጋ ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ ግን ምኑን ታያላችሁ?

ሆቴል ገብተን ባለቤቴ ያነሳሁትን ፎቶ በስልኳ አስተረጎመችው። ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ የሥራ ቀን ምሳ፣ ሱሺ 10 ፍሬ፣ 1,500 የን፣ በእኛ አቆጣጠር ከ5፡30 እስከ 8 ሰዓት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የገባነው በ7 ሰዓት ነው።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ውድ ሱሺ ቤት ሞልቷል፣ ውድነቱን አውቆ የገባ ይክፈል። እነዚህ ግን ለሰፈሩ ሰው አንድ ወረቀት፣ ለቱሪስት ሌላ ወረቀት ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የቶኪዮው የዓሣ ገበያ ቶዮሱ አጠገብ በሩዝ ላይ የተደረደረ የባሕር ምግብ ለቱሪስት በውድ ሲሸጥ ጃፓኖች ራሳቸው "ኢንባውንድ ዶን"፣ የቱሪስት ሳህን እንደ ማለት፣ ብለው ተሳልቀውበታል። ወሬውን ቀድሜ ሰምቼ ነበር፣ ግን ትልልቅ ቦታ ላይ ብቻ የሚሆን መስሎኝ።

ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ በሩ ላይ እንደቆማችሁ፣ "ዘንቡ ደ ኢኩራ ዴስ ካ" በሉ፤ በጠቅላላው ስንት ነው ማለት ነው። "ኢኩራ" ብቻ ብላችሁ ጣት እንዳትቀስሩ፣ የሳልመን ዕንቁላልም ስሙ ኢኩራ ስለሆነ ይቀርብላችኋል! ቁጥር ካልነገሯችሁ ውጡ። የውጪውን ሰሌዳ በስልክ አስተርጉሙ፣ ያንኑ ምሳ አሳይታችሁ እዘዙ። ኦቶሺ እንዳለም ጠይቁ። ለአስተናጋጅ ጉርሻ (ቲፕ) ግን አትስጡ፣ እዚያ አገር አልተለመደም።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ቀበቶ ላይ የሚዞረው ሱሺ ይሻላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኦሳካ አካባቢ የተጀመረ ነገር ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ዋጋውን በሳህኑ ቀለም ይለዩታል፣ ስትጨርሱ ሳህኑ ይቆጠራል። በማግስቱ እዚያ ሄድን። ባለቤቴ እያንዳንዱን ሳህን ሳታነሳ ዋጋውን ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር።

ስንመለስ በዚያችው ቤት በር አለፍን። እናትየው ደጃፍ ይጠርጋሉ። አይተውን ጎንበስ አሉ። እኔም ሳላስበው ጎንበስ አልኩ። ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።